ግራም 3 ወር ሞላው፦ ለሽሮ ሜዳ ጎረቤቶቼ የምስጋና መልእክት

ለግቢያችን ተከራዮች፣ ለሌሊት ጥበቃችን፣ ለባለሱቁ፣ ለሸማኔው ጎረቤታችን፣ በላይኛው በር ላሉት እናቴ፣ ለዶክተሯና ለሠፈሩ ልጆች፤

ባለፈው ሳምንት ቡችላዬ ግራም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባቱን ተወጋ። መርፌው ሲገባ ዝም ብሎ ነበር፤ ከወጣ በኋላ ግን አቤቱታውን ለሠፈሩ ሁሉ አሰማ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁት ያን ጩኸት ሰምቼ ነው። ነሐሴ ላይ ድምፁ ዘይት ከጠማው የበር ማጠፊያ ሲጥታ ያነሰ እንደነበር ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

እናቱ ዳማ የወለደችው ነሐሴ 3 ሌሊት ነው፤ ዝናቡ የማገዶ ቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ። ስድስት ወለደች፤ አንዱ እስትንፋስ አልነበረውም። አራቱ ወዲያው ጡት ላይ ተረባረቡ። ስድስተኛው፣ የዛሬው ግራም፣ ከመዳፌ ያንስ ነበር፤ አፉን ጡቱ ላይ ያደርግና ሳይጠባ ይንሸራተታል። በማግስቱ ማታ ዳማ በአፍንጫዋ እየገፋች ከጎጆዋ አወጣችው። ጨካኝ እናት ናት ብዬ ፈረድኩባት። በእንጦጦ ግርጌ የነሐሴ ብርድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው የሚዋሰው። የቀዘቀዘ ቡችላ ደግሞ ለእናቱ የሞተ ያህል ነው። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

እናንተ በትህትና ያላነሣችሁትን እኔው ላንሣው። ያን ሌሊት ያደረግሁት ሁሉ ስሕተት ነበር። የላም ወተት አሞቅሁ፤ ቡችላውን እንደ ሕፃን በጀርባው አስተኛሁና በሻይ ማንኪያ አንቆረቆርኩለት። ወተቱ በአፍንጫው ተመለሰ። ሰውነቱ በእጄ ላይ እንደ እርጥብ ካልሲ ተንጠለጠለ።

የጥበቃችን አባት፣ ያን ጊዜ ነው ባትሪዎን ይዘው የመጡት። ማታ ላይ «ተይው ልጄ፣ ከብዙ አንዱ ሁልጊዜ ይቀራል» ብለውኝ ነበር፤ አኩርፌዎት ገባሁ። መንዝ ውስጥ በጎች መካከል ላደገ ሰው ይህ ጭካኔ ሳይሆን የቆየ ስሌት መሆኑን አሁን ይገባኛል። ወተቱን ከእጄ ወሰዱና «የቀዘቀዘ ግልገል አይጠባም። መጀመሪያ ይሙቅ» አሉኝ። ከዚያ ካቦርትዎን ከፍተው በደረትዎና በሹራብዎ መካከል አስገቡት። እስኪነጋ በር ላይ አልዞሩም፤ ሌባ ባይመጣ ጥሩ ነበር፣ ደግሞም አልመጣም። ለአከራያችን ይህን የምነግራቸው አሁን ነው፤ ይቅር ይበሉን።

ዶክተር፣ ጠዋት ስደውልልሽ ሥራ ለመግባት ታክሲ እየጠበቅሽ ነበር። ተመልሰሽ መጣሽ። አፉን ከፍተሽ ላንቃው ክፍተት እንደሌለው አየሽ፤ ድዱን ተጭነሽ አየሽ፤ ሙቀቱን ለካሽና 33 ዲግሪ አልሽ። ሌሊቱን ሙሉ ካቦርት ውስጥ ከርሞ 33 ከሆነ፣ እኔ ወተት ሳንቆረቁርበት ስንት እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ35 እስከ 37 መሆን እንዳለበት፣ ከዚያ በታች ሲወርድ አንጀቱ ሥራ እንደሚያቆምና የገባው ወተት እዚያው እንደሚበላሽ ያስረዳሽኝ ያን ዕለት ነው። ጥቂት ግሉኮስ ድዱ ላይ ቀባሽለት፤ ለሦስት ሰዓት ያህል ቀስ ብለን አሞቅነው፤ ሙቀቱ ሲስተካከል ብቻ በቀጭን ቱቦ መገብሽው። ቱቦውን እኔ እንድሞክር ለምኜሽ ነበር። እምቢ በማለትሽ አመሰግንሻለሁ፤ ወደ ሳንባው ልሰደው እንደምችል አውቀሽብኛል።

የእናቱንም ጡት ያስታወስሽን አንቺ ነሽ። ወተት የሚበዛው በኋለኞቹ ጡቶች መሆኑን አሳየሽኝና ወፍራሞቹን ወንድሞቹን እያነሣሁ እሱን እዚያ መያዝ ሆነ ሥራዬ። ዳማ ሲሞቅ አልገፋችውም። ላሰችው። ያለ ፍርድ ቤት የፈረድኩባትን ያኔ ይግባኝ ሳትል አሸነፈችኝ።

አሁን ወደ ሚዛኑ። ባለሱቁ ወንድሜ፣ «ውሻ የተመዘነበት ሚዛን ላይ ማን ስኳር ይገዛኛል?» ማለትህ ተገቢ ነበር። ሆኖም ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈትህ በፊት በኋላ በር ታስገባኝ ነበር። የራሱን ጎድጓዳ ሳህን መደብክለት፤ ስንጨርስ ሚዛኑን በአልኮል ትወለውላለህ፤ ቁጥሩን በብድር ደብተርህ የመጨረሻ ገጽ ትጽፋለህ። ነሐሴ 5፣ 185። ነሐሴ 6፣ 180። ነሐሴ 7፣ 175። ነሐሴ 8፣ 175። ያን ቀን «አልቀነሰም» ብለህ ሁለታችንም ዝም አልን። ነሐሴ 9፣ 185። ልጆቹ ከትምህርት እረፍት ላይ ስለነበሩ ሱቁ በር ላይ ተሰልፈው «ስንት ግራም?» እያሉ ሲጠይቁ ስሙ በዚያው ቀረ።

ጾመ ፍልሰታ ነበር። በጾም ቀን ወተትና የእንቁላል አስኳል የምትፈልግ ሴት ሠፈር ውስጥ ምን እንደምትመስል አስቡት። የውሻ ወተት በስብም በፕሮቲንም ከላም ወተት ከእጥፍ በላይ ስለሆነ፣ እናቱ ያልሞላችውን ለማገዝ ዶክተሯ ለጊዜው አስኳል ጨምሬበት በስሪንጅ፣ በሆዱ ተኝቶ፣ ጠብ ጠብ እያደረግሁ በየሁለት ሰዓቱ እንድሰጠው አዝዛኝ ነበር። በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። «ሰው በሚራብበት ሀገር ለውሻ እንቁላል?» ያሉኝ ጎረቤት አሉ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ማታ ላይ ሁለት እንቁላል በልጃቸው እጅ የላኩልኝም እኚሁ ናቸው።

ነጭ ሽንኩርት በቅቤ አሺለት ያላችሁኝንም አመሰግናለሁ። አላሸሁለትም። ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ ቅቤውን ግን ራሴ ላይ ቀብቼዋለሁ።

ሸማኔው አባቴ የሰጡኝ ባዘቶ ሁለት ሥራ ሠራ። ግማሹ መኝታው ሆነ። ሌላውን በሞቀ ውሃ እያረጠብኩ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ሆዱን በስሱ እጠርገው ነበር፤ አራስ ቡችላ እናቱ ካላላሰችው ሽንቱ አይወጣምና። ለጥለት የታሰበ ጥጥ ለዚህ መዋሉን ስነግርዎት እንደዚያ ቀን ስቀው አያውቁም።

ነሐሴ 10 ማታ መብራት ሄደ፤ ለሁለት ሌሊት ቀረ። ከሰል ላቀጣጥል ስል ጥበቃችን ተቆጡኝ፤ በዝግ ክፍል ውስጥ ጭሱ ሁላችሁንም ይጨርሳችኋል ብለው። የሃይላንድ ጠርሙስ በሙቅ ውሃ ሞልተን፣ በካልሲ ጠቅልለን አጠገቡ አኖርን። እናቴ፣ እርስዎ የውሻ ምራቅ ልብስዎን እንዳይነካ ስለሚጠነቀቁ ክፍሌ ውስጥ አልገቡም። ግን ከመተኛትዎ በፊት የሞላ ፔርሙዝ በር ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ደግሞ ሌላ ይዘው ያንኳኳሉ። «አለ?» ብለው ብቻ ይጠይቃሉ። «አለ» እላለሁ። ለተጠማ ውሻ ውሃ ቀድቶ ምሕረት ያገኘውን ሰው ታሪክ የነገሩኝ በሩ በስተውጭ ቆመው ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ የሰዓታት ዜማ ይሰማ ነበር፤ እኔ ስሪንጅ እያጠብኩ ነበር።

ነሐሴ 11 ተቅማጥ ያዘውና ወደ 180 ወረደ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ተርቦ መስሎኝ አብዝቼበት ነበር። ዶክተሯ በስልክ ለአንድ ቀን ወተቱን አቀጠነችልኝ፤ የተቆጣችውን ያህል አልጽፍም።

ለቡሄ ልጆቹ ሆያ ሆዬ ጨፍረው ካገኙት ላይ አዋጥተው አዲስ ስሪንጅ ገዙ። ሙልሙሉን ለራሳቸው አስቀሩ፤ ትክክል ናቸው። በዕለቱ ጅራፍ ሠፈሩን ሲያናጋው ዳማ አልጋ ሥር ገባች፤ ግራም ግን ከእንቅልፉ አልተነቃነቀም። ሰነፍ ወይም ጀግና ሆኖ አይደለም፤ የቡችላ ጆሮ በዚያ ዕድሜ ገና ዝግ ነው። ነሐሴ 13፣ 205 ግራም። ትልቁ ወንድሙ በዚያ ቀን 600 ነበር።

ዐይኑ የተከፈተው ነሐሴ 19 ነው፤ መጀመሪያ ያየው የጥበቃችንን ካቦርት ቁልፍ ሲሆን ወዲያው ሊጠባው ሞከረ። ከዚያ በኋላ የነበረው ተራ የቡችላ ኑሮ ስለሆነ አላሰለቻችሁም። የትል መድኃኒቱን ወስዷል፤ ወንድሞቹ ቤት አግኝተዋል፤ ዳማ ደግሞ ሁለተኛ እንዳትወልድ ቀጠሮ ተይዞላታል።

ባለሱቁ፣ ሳህንህን አጥቤ ልመልስ ስል «ለማን ብዬ?» ብለሃልና እኔው ጋር ቀርቷል፤ አሁን ይበላበታል። እናቴ፣ ፔርሙዝዎ እስካሁን አልተመለሰም። ክዳኑን ግራም ነክሶታል። ቅዳሜ አዲስ ክዳን ገዝቼ አመጣዋለሁ፤ እሱን በር ላይ አስሬ እመጣለሁ፣ አይፍሩ።