የጄላቶ ማሳያ ፍሪጅ ከመግዛትዎ በፊት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኛችን፣

እንደምን ሰነበቱ? ጄላቶ (የጣሊያኖቹን አይስክሬም) ለመጀመር ያሰቡ የካፌና የኬክ ቤት ባለቤቶች ወደ ሱቃችን ሲመጡ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ «ባለ ስንት ጣዕም አላችሁ?» የሚል ነው። ባለ 12፣ ባለ 18፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈለጋል። መስታወቱ ያበራል፣ ቀለሙ ዓይን ይስባል፤ መጓጓትዎ ይገባናል። እኛ ግን መጀመሪያ ማወቅ የምንፈልገው በቀን ስንት ስኒ እንደሚሸጡ ነው። ስለ ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት ይህን ደብዳቤ ቢያነቡልን ደስ ይለናል።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። የተለመደው የጄላቶ መያዣ 36 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 16.5 ስፋት፣ 12 ጥልቀት አለው። 5 ሊትር ያህል ይይዛል። በሚዛን ሲወጣ 4 ኪሎ ገደማ ነው፤ ጄላቶ ውስጥ አየር ስላለ ሊትሩ ኪሎ አይሞላም። በ80 ግራም ስኒ ካቀረቡ ከአንድ መያዣ 50 ስኒ ይወጣል። ባለ 12 ማሳያ ሞልቶ ሲቆም 600 ስኒ ተደርድሯል ማለት ነው። በቀን 80 ስኒ የሚሸጥ ቤት ይህን ለመጨረስ ከሳምንት በላይ ይፈጅበታል። ጄላቶ ደግሞ ማሳያ ውስጥ ለዛው ሳይጠፋ የሚቆየው ሁለት ሦስት ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጠጋ ብለው ይዩት። የላዩ ቆዳ ይደርቃል። የፒስታቹው አረንጓዴ በመብራቱ ብዛት ይደበዝዛል። ማንኪያ ሲያስገቡበት አሸዋ አሸዋ የሚል በረዶ ያገኛሉ። ደንበኛዎ ምክንያቱን ላያውቅ ይችላል፤ ሁለተኛ ግን አይመጣም።

ይህ የሚሆነው ጄላቶ ከተለመደው አይስክሬም ሞቅ ባለ ቅዝቃዜ ስለሚቀርብ ነው። ቅባቱም አየሩም አነስ ያለ ስለሆነ፣ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሆነ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ካደረ ድንጋይ ይሆናል። ለማቅረብ የሚመቸው ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 14 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። በዚህ ልክ ላይ ውስጡ ካለው ውኃ ጥቂቱ አልረጋም። ቅዝቃዜው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ያ ውኃ ይቀልጣል፣ መልሶ ይረጋል፣ የበረዶውም ቅንጣት እየተለቀ ይሄዳል። ስለዚህ ማሳያውን እንደ መጋዘን አይቁጠሩት። የሚተርፈውን የሚያስቀምጡበት ሌላ ፍሪዘር ከጀርባ ያስፈልግዎታል። በጀትዎ ጠባብ ከሆነ ማሳያውን አሳንሰው ፍሪዘሩን ጨምረው ይግዙ።

አሁን ወደ ዓይነቱ እንምጣ። አንደኛው ያለ ፋን የሚያቀዘቅዝ ነው። ዋጋው ቀለል ይላል፣ ጄላቶውንም ቶሎ አያደርቅም። ግን ሥሩ ሲጠነክር ላዩ ይለሰልሳል። ሁለተኛው በፋን ቀዝቃዛ አየር የሚያዞረው ነው። ጄላቶውን ከፍ አድርገው ቆልለው ማሳየት ከፈለጉ የሚያዋጣዎት ይሄ ነው። እሱም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ውስጡ የሚጋገረውን በረዶ ለማራገፍ በቀን ደጋግሞ ራሱን ያሞቃል። ሲገዙ «በረዶውን የሚያራግፈው በምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። በራሱ የሞቀ ጋዝ የሚያራግፈው፣ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሚሠራው ቶሎ ስለሚጨርስ ጄላቶው ብዙ አይነካም። ሌላው ደግሞ ውስጡ ላይ የተሰመረው የመጫኛ ልክ ነው። ከዚያ በላይ የተቆለለው ቀዝቃዛው አየር አያገኘውም፤ ተንሸራቶ ሲወርድ ያዩታል።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ጣሊያኖች ፖዜቲ የሚሉት። ጄላቶው ጠረጴዛው ውስጥ በተቀበሩ ክብ መያዣዎች ክዳን ተደፍቶበት ይቀመጣል። ለጄላቶው ከዚህ የተሻለ የለም፤ ብርሃን አያገኘውም፣ ቅዝቃዜውም አይዋዥቅም። መብራት ሲጠፋም ከመስታወቱ ይልቅ ረዘም ላለ ሰዓት ይታገሳል። ችግሩ ደንበኛ በዓይኑ ነው የሚገዛው፤ ክዳን አይቶ ምራቁን አይውጥም። ስሙ የታወቀ ቤት ካልዎት ወይም መብራት አዘውትሮ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆኑ ግን እኛ የምንመርጥልዎ ይህን ነው።

የሚቀመጥበት ቦታም ወሳኝ ነው። እያንዳንዱ ማሳያ ምን ያህል ሙቀትና እርጥበት ውስጥ እንደተፈተነ ይጻፍበታል። ክፍል 3 የሚለው 25 ዲግሪ ነው፣ ክፍል 4 ደግሞ 30፣ ክፍል 7 ደግሞ 35 ከከባድ እርጥበት ጋር። ለአዲስ አበባ የሚበቃው ለድሬዳዋ አይበቃም። ግን አዲስ አበባም ቢሆን ከፍታዋ አለ። አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ የሳሳ ስለሆነ፣ በፋን የሚቀዘቅዝ ኮንደንሰር (የማሽኑን ሙቀት ወደ ውጭ የሚለቀው ክፍል) የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ስለዚህ 25 ዲግሪ የሚለውን ቁጥር አይተው አይዘናጉ። ከማኪያቶ ማሽኑም ያርቁት፤ እንፋሎቱ መስታወቱ ላይ ላብ ይሆናል። ከበሩ ንፋስ፣ ከሰዓት በኋላ ከሚገባው ፀሐይና ከጣሪያ ፋንም እንዲሁ። ዱቄት የሚቦንበት ቤት ከሆነ ኮንደንሰሩ ቶሎ ይደፈናል፤ በየሳምንቱ ደረቅ ብሩሽ ይምቱት።

ስለ መብራት። የኛ አገር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ለአሜሪካ የተሠራ 60 ኸርዝ ማሽን በርካሽ ቢያገኙም ለኮምፕረሰሩ፣ ማለትም ጋዙን ለሚገፋው ሞተር፣ አይመችም፤ ይቅርብዎ። ስታብላይዘር የግድ ነው፤ ለዚያውም መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያስነሳ። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ነው ኮምፕረሰር የሚቃጠለው። ጄኔሬተርዎንም ሲያሰሉ ማሽኑ ሲነሳ የሚስበውን ይያዙ፤ ሲሠራ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ነው።

ማሽኑ የሚያቀዘቅዝበት ጋዝ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይጠይቁ ገንዘብ እንዳይከፍሉ። ከአውሮፓ የሚመጡ አሮጌ ማሳያዎች ብዙዎቹ አር 404ኤ የሚባል፣ አካባቢን የሚጎዳ ጋዝ የያዙ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2020 ጀምሮ ይህን ዓይነት ጋዝ በአዳዲስ የንግድ ፍሪጆች ላይ ስለከለከለ፣ አዲሶቹ አብዛኞቹ አር 290 ይዘው ይመጣሉ። አር 290 ፕሮፔን ነው። መብራት ይቆጥባል፣ አካባቢንም ብዙ አይጎዳም፤ እሳት ግን ይይዛል። ሥልጠና የሌለው ሰው በዌልዲንግ እሳት እንዳይነካካው አደራ እንላለን።

በመጨረሻ ጾሙን ያስቡ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብም አለ። በዚያ ወቅት ወተት ያለበት ግማሽ ማሳያ ቆሞ ይውላል። ማንጎ፣ ሎሚ፣ እንጆሪና ፓፓያ በውኃ የሚሠሩ ናቸው፤ ግን የወተቱና የውኃው ጄላቶ እኩል እንዲለሰልስ የስኳሩ መጠን ካልተስተካከለ፣ በአንድ ቴርሞስታት ስር አንዱ ድንጋይ ሌላው ሾርባ ይሆናል። ባለሙያዎ ይህን ያስተካክል። የጾሙን በአንድ ወገን፣ የፍስኩን በሌላ ወገን ያድርጉ፤ ማንኪያውንም ይለዩ። የሚጾመው ደንበኛ ማንኪያው ከየት እንደወጣ ያያል፤ ማየቱም መብቱ ነው። ለጀማሪ ቤት ባለ 6 ወይም ባለ 8 የምንመክረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጥቂት ጣዕም በየጊዜው መቀያየር ይቀላል።

ወደ እኛ ሲመጡ የበርዎንና የኮሪደርዎን ወርድ ለክተው ይምጡ። ወርዳቸው ከ1 ሜትር የሚያልፍ ማሳያዎች አሉ፤ በር ላይ ደርሰው እንዳይመለሱ። ቆጣሪዎ ሲንግል ፌዝ ወይስ ስሪ ፌዝ እንደሆነ፣ ማሳያው የሚቆምበትን ቦታ ፎቶና የቀን ሽያጭዎን ግምት ይያዙልን። ገና ካልጀመሩ በቀን የሚሸጡትን ማኪያቶ ብዛት ይንገሩን፤ ከዚያ ተነስተን አብረን እንገምታለን። ትንሹ የሚበቃዎ ከሆነ ትልቁን ግዙ አንልዎትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሽያጭና የጥገና ክፍል