በበጋ ወደ ሐረማያ ለሚመጡ ዳክዬዎች የሚሆን መኖና ማረፊያ

የተከበራችሁ የሐረርና አካባቢዋ የማኅበራችን አባላት፣

የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው በበጋ ወደ አገራችን የሚገቡ ዳክዬዎች የሚሰነብቱት መኖና ጸጥታ ባገኙበት ውሃ ላይ ነው። በ1990ዎቹ ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በቅርብ ዓመታት መልሶ ውሃ በመያዙ እጅግ ደስ ብሎናል፤ ነገር ግን ለእነዚህ ወፎች ከመካከሉ ይልቅ ዳሩ ይበልጣል። ጭራው ሹል የሆነው ዳክዬ ጭራውን ወደ ላይ አቁሞ አንገቱን በማጥለቅ ከጭቃው ዘር ይለቅማል፤ ምንቃሩ እንደ አካፋ የሰፋው ደግሞ በምንቃሩ ጠርዝ ባሉት ደቃቅ ማጥለያዎች ውሃውን እያጠለለ ጥቃቅን ነፍሳትን ያስቀራል። ሁለቱም አዘውትረው የሚመገቡት ከጉልበት በታች በሆነ ውሃ ውስጥ ነው፤ የመስኖ ፓምፕ ውሃውን ሲስብ አስቀድሞ የሚደርቀውም ይኸው ክፍል ነው።

ስለሆነም በሐይቁ አቅራቢያ እርሻ ያላችሁ አባላት ከማሽላ አጨዳ በኋላ የረገፈውን እህል ቶሎ ገልብጣችሁ እንዳታርሱት፣ የዳሩን ፊላ እንዳታጭዱት፣ ለጫትና ለድንች የተጠቀማችሁበትን የፀረ ተባይ መርጫም በሐይቁ ውስጥ እንዳታጥቡ አደራ እላለሁ። መድኃኒቱ ዳክዬውን ባይገድል እንኳ የሚመገባቸውን ነፍሳት ስለሚፈጅ፣ በእኔ እምነት ከሁሉ የከፋው ጉዳት ይህ ነው። ወፎቹን ለማየት የምትወጡም ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ፤ በተደጋጋሚ ሲበረግጉ ለመልስ ጉዟቸው ያጠራቀሙት ስብ ይባክንባቸዋል።