ጊታር ሸጦ መገላገል አያዋጣም፦ ለንግድ ሚኒስትሩ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር የንግድ ሚኒስትር፣

የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴዎች ሲሰባሰቡ ወሬያቸው አንድ ነው፤ «ደንበኛው ኢንተርኔት ላይ ይገዛል፣ እኛ ጋ መጥቶ ይሞክራል።» ውሸት አይደለም። ትልቁ ኪሳራ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ገዝቶ ሙዚቃውን የሚተወው ሰው ላይ።

ጀማሪ ጊታር የሚተወው ሁሌ ችሎታ አጥቶ አይደለም። ክሩ ከጊታሩ አንገት በጣም ርቆ ጣቱን ያመዋል። ቅኝቱም አልጸና ይለዋል። «ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ጥግ ያስይዘዋል። ይህ ሰው ከእንግዲህ ክር አይገዛም፣ የተሻለ ጊታርም አያምረውም። መደብሩ ሳያስረክብ በፊት የክሩን ከፍታ ቢያስተካክል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላም በነፃ ቢያይለት ደንበኛው ይሰነብታል። ድረ ገጽ ይህን አይሰጠውም።

ከሁሉም የሚያዋጣው ኪራይ ነው ባይ ነኝ። ቫዮሊንን ይውሰዱ። ልጅ 1/4 በሚባለው ትንሽ መጠን ይጀምራል፣ ወደ 1/2 ያልፋል፣ ከዚያ 3/4፣ በመጨረሻ ሙሉው። ልጁ ባደገ ቁጥር አዲስ የሚገዛ ወላጅ ስንት ይገኛል? ቢከራይና ከኪራዩ ከፊሉ ለመጨረሻው ግዢ ቢታሰብለት ግን አይሸሽም። ትንሿም ቫዮሊን ለሌላ ልጅ ትተርፋለች። ከእርስዎ የምንፈልገው ሽያጭ፣ ኪራይ፣ ጥገናና ትምህርት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሠሩ በአንድ ፈቃድ እንዲሠሩ ነው።

ዋናው አቤቱታዬ የትምህርት ቤት ጨረታ ነው። ርካሹ ብቻ ሲያሸንፍ ዕቃው ከነካርቶኑ ይራገፋል፤ አቅራቢው ከዚያ ወዲያ ስልክ አያነሳም። ክር ሲበጠስ የሚቀይር የለም፣ እንጨቱም መጋዘን ውስጥ ይጣመማል። (የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን እንደሚሻል የመጋዘን ሠራተኛውን ማን ነግሮት?) የጨረታ ሰነዱ ቃኝቶ ማስረከብን፣ የሁለት ዓመት ጥገናንና መለዋወጫን ግዴታ ያድርግ። ያኔ ጠጋኝ የቀጠረ መደብር ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም መወዳደር ይችላል። ትምህርት ቤቱም የሚጮህ መሣሪያ ያገኛል።

ቀረጥ ላይ ብዙ አልልም። ዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ የሙዚቃ መሣሪያን ምዕራፍ 92 ላይ ለብቻው አስቀምጦታል። ክር እንኳ 9209.30 የሚል የራሱ ቁጥር አለው። እና ክርና መለዋወጫን ከቅንጦት ዕቃ ጋር መደመር ምን አመጣው? ሮዝውድ ከሚባለው እንጨት የተሠራ፣ ያለቀለት መሣሪያም የብራዚሉ ዝርያ ካልሆነ በቀር ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ የሳይተስ (ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) የንግድ ፈቃድ አይጠየቅበትም። የጉምሩክ ሠራተኞች ይህን እንዲያውቁት ቢደረግ ብዙ ዕቃ ከመጉላላት ይድናል።

ሁሉም በአንዴ አይሆንም፣ ይገባኛል። የጨረታ ሰነዱን ያስቀድሙልን፤ እሱ ገንዘብ ሳይሆን ጥቂት አንቀጽ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴ