መንሳፈፍ ሌላ፣ ከስበት ማምለጥ ሌላ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እሁድ በሳይንስ ገጻችሁ ላይ ያወጣችሁትን «የመሬት ስበት ሊሰረዝ ነው» የሚል ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ስለ ማግኔት ባቡሩና ስለ እንቁራሪቷ የተጻፈው ጥሩ ነው። ርዕሱ ግን ልክ አይደለም። ሥራዬ ሊፍት ጥገና ነው፤ ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ባሉ ፎቆች ማሽን ክፍል ውስጥ ነው የምውለው። ከስበት ጋር በየቀኑ ስለምንገናኝ ጥቂት ልበል።

ኤሌክትሮማግኔቲክ ኃይል ስበትን መቋቋም ይችላል ወይ ከተባለ፣ ኧረ ሲቋቋም ነው የኖረው! የሊፍት ሞተር ማለት ሌላ ምን ሆነና? ጥቅል ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ማግኔት ይፈጠራል፣ ማግኔቱ ዘንጉን ያዞራል፣ ሰው ወደ ላይ ይወጣል። ሳጥኑን የተሸከመው የብረት ገመድ የማይበጠሰውም አተሞቹን አያይዞ የያዘው የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሆነ ነው።

ደንበኞቼን ሁልጊዜ የሚገርማቸው ፍሬኑ ነው። መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ይወድቃል ብሎ የሚሰጋ ብዙ ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፍሬኑን የሚዘጋው ጠንካራ ሞላ ነው፤ የሚከፍተው ደግሞ ኤሌክትሮማግኔት። ሊፍቱ ሲንቀሳቀስ ማግኔቱ ሞላውን አሸንፎ የፍሬኑን ሸራ ያላቅቀዋል። መብራት ድርግም ሲል ማግኔቱ ጉልበቱን ያጣል፣ ሞላው «ቋ» ብሎ ይዘጋል፣ ሊፍቱ ባለበት ቀጥ ይላል። መሐንዲሶቹ እንዲህ የሠሩት ኤሌክትሪክ እንደሚጠፋ፣ ስበት ግን እንደማይጠፋ ስለሚያውቁ ነው። ይህንን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ወደ እንቁራሪቷ ልምጣ። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የፊዚክስ ሊቁ አንድሬ ጋይምና ባልደረቦቹ ኔዘርላንድስ፣ ናይሜኽን ከተማ ውስጥ ሕያው እንቁራሪት በማግኔት አየር ላይ አንሳፍፈዋል። ውሃ ማግኔትን በጥቂቱ ይሸሻል፤ እንቁራሪት ደግሞ አብዛኛው አካሏ ውሃ ነው። ያም ሆኖ 16 ቴስላ (የማግኔት ጥንካሬ መለኪያ ነው) ገደማ አስፈልጓል። አራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የምድራችንን ማግኔት ይለካል፤ የእንቁራሪቷ ማግኔት እዚህ ከሚለካው ከ4 መቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል።

የእንቁራሪቷ ክብደት ግን የትም አልሄደም። ማግኔቱን ሚዛን ላይ ብናስቀምጠው፣ ሚዛኑ የማግኔቱንም የእንቁራሪቷንም ደምሮ ነው የሚያነበው። እሷን ወደ ላይ የገፋት ማግኔት ራሱ በዚያው ልክ ወደ ታች ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በሰዓት 603 ኪሎ ሜትር የከነፈው የጃፓን ባቡርም እንደዚሁ ነው። ከመንገዱ ጋር አይነካካም እንጂ ድልድዩ ሙሉ ክብደቱን ይሸከማል።

«ወደፊትስ?» ትሉ ይሆናል። በጉልበት ከሆነ ኤሌክትሪክ ተወዳዳሪ የለውም። ሁለት ፕሮቶኖች (በአተም እምብርት ውስጥ ያሉ ፖዘቲቭ ቅንጣቶች) የሚገፋፉበት ኃይል በስበት ከሚሳሳቡበት የሚበልጠው፣ 1 ብለን ከኋላው 36 ዜሮ ስንደረድር በሚወጣው ቁጥር እጥፍ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ኤሌክትሪክ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ስላለው መከለል ይቻላል። ሊፍት ውስጥ ስትገቡ ስልካችሁ ኔትወርክ የሚያጣው ለዚህ ነው፤ በብረቱ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ተንቀሳቅሰው ሞገዱን ይመልሱታል። ስበት ተቃራኒ የለውም። ሁሉም ይስባል፣ የሚገፋ የለም፤ ስለዚህ የሚከልለው ሳጥን ከምን ይሠራል? ጸረ-ቁስ (የኤሌክትሪክ ምልክቱ ከተለመደው ቁስ ተቃራኒ የሆነ ቁስ) ወደ ላይ ይወድቅ ይሆናል ብለው ተስፋ ያደረጉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሰርን በተባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ውስጥ ጸረ-ሃይድሮጅን ለቀው ሲያዩት እሱም ወደ ታች ወረደ። ይባስ ብሎ፣ በአንስታይን ንድፈ ሐሳብ መሠረት የማግኔት መስክ ራሱ ኢነርጂ ስላለው በስበቱ ላይ ስበት ይጨምራል።

ስበትንና ኤሌክትሪክን ለማገናኘት ያልተሞከረም አይደለም። የኤሌክትሪክና የማግኔት ሊቁ ፋራዳይ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1849 ጀምሮ ጥቅል ሽቦ ከከፍታ እየጣለ ስበት ኤሌክትሪክ ያመነጭ እንደሆነ ፈትሿል፤ ምንም አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1992 ፖድክሌትኖቭ የተባለ ተመራማሪ ከሚሽከረከር ሱፐርኮንዳክተር (በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም እንቅፋት የሚያሳልፍ ቁስ) በላይ የተሰቀለ ነገር ክብደቱ ይቀንሳል ብሎ ነበር። ሌሎች ሞክረው አላገኙትም። ኢንተርኔት ላይ የምናያቸው በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚነሱ ባለ ሦስት ማዕዘን ሽቦዎች ደግሞ አየር ወደ ታች እየገፉ ነው የሚነሱት፤ አየር በሌለበት አይሠሩም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ሥራ ፈትቼ አይደለም። አንድ የሕንፃ አስተዳዳሪ ጽሑፋችሁን በስልካቸው ይዘው መጡና «ገመድ የሌለው ሊፍት እየመጣ ከሆነ የገመዱን ቅያሪ ለምን አናቆየውም?» አሉኝ። ገመድ አልባ ሊፍትማ እ.ኤ.አ. በ2017 ጀርመን፣ ሮትቫይል ውስጥ በሙከራ ማማ ላይ ታይቷል። እሱም የሚወጣው በማግኔት ሞተር እየተገፋ፣ ክብደቱን እንደያዘ ነው። የእሳቸው ገመድ ግን አሁን ክሩ እየተበጠሰ ነው። እባካችሁ ርዕሱን በሚቀጥለው እትም አርሙልኝና ላሳያቸው።

ከሰላምታ ጋር
የሊፍት ቴክኒሺያን፣ ከሜክሲኮ አካባቢ