ለቻይኖቹ እንግሊዝኛ ስናስተምር የብር ቃላት ይቅደሙ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ናችሁ? ከድሬዳዋ ነው የምጽፍላችሁ። ባለፈው ሰሞን አንድ አንባቢያችሁ ከቻይኖች ጋር የሚሰራ ሰው ሁሉ በቋንቋ ምክንያት እየተጎዳ ስለሆነ ቻይንኛ እንማር ብሎ ጽፎ ነበር። ሀሳቡ ጥሩ ነው አልጠላሁትም ግን አንድ ነገር ዘሎታል። እዚ ከቻይኖቹ ጋር የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፣ የነሱም የኛም ባልሆነ እንግሊዝኛ፣ ከተጣላን ደግሞ የምንጣላው በብር ነው። ስለ አየር ፀባይ ተጣልተን አናውቅም። ግን ማታ ማታ እንግሊዝኛ የሚማሩት ከየትኛው መፅሀፍ እንደሆነ ሳየው ደህና አደርክ፣ ዛሬ ዝናብ ነው፣ ቤተሰቦችህ ስንት ናቸው፣ እንደዚ ነው የሚጀምረው።

እኔ አንድ የኮንስትራክሽን ፕሮጀክት ላይ ፔቲ ካሽ፣ ማለትም ለትንንሽ ወጪ የሚቀመጠውን ጥሬ ብር፣ ያዥ ነኝ፣ ስድስት አመት ሊሆነኝ ነው። ይሄን እንድጽፍ ያደረገኝን ነገር ልንገራችሁ። አንድ ቅዳሜ ኮንክሪት እየተሞላ ጀነሬተሩ ናፍጣ ጨረሰ፣ ሙሌት ደግሞ መሀል ላይ አይቋረጥም፣ እኔ ለቅሶ ሄጄ አልነበርኩም ካዝናውም ተቆልፏል። አንድ የቀን ሰራተኛ ልጅ ከራሱ ኪስ 2000 ብር አውጥቶ በባጃጅ ናፍጣ አስመጣ። ቻይናዊው ፎርማን ደስ ብሎት ደብተሩ ላይ የልጁን ስም ጻፈና ከጎኑ በእንግሊዝኛ «ቦሮው 2000» ብሎ አሰፈረ። ከሱ ስር ደግሞ ለአረፋ በግ መግዣ ከደሞዙ ላይ ቅድሚያ የወሰደ ሌላ ልጅ አለ፣ ለሱም እዛው «ቦሮው 2000»። የደሞዝ ቀን ሲደርስ ፋይናንስ ደብተሩን አይቶ ከሁለቱም ላይ 2000 2000 ቆረጠ። ናፍጣ የገዛው ልጅ ፀሀይ ላይ ቆሞ ፖስታውን ሁለት ጊዜ ሶስት ጊዜ ቆጠረው፣ ከዛ ወደኔ መጥቶ «አቦ እኔ ያበደርኩትን ከኔው ላይ ይቆርጡታል እንዴ» አለኝ፣ አይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። 2000 ከኪሱ አውጥቶ ሌላ 2000 ሲቆርጡበት 4000 ነው የጎደለበት፣ የቤት ኪራዩ ነው እኮ።

ፎርማኑን ስጠይቀው ሌባ አይደለም፣ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። በቻይንኛ ማበደርም መበደርም አንድ ቃል ነው፣ ጂየ ይባላል፣ ማን ለማን እንደሰጠ የሚታወቀው አጠገቡ ባሉት ቃላት ነው፣ ልክ እኛ «ለ» እና «ከ» ብለን እንደምንለየው ማለት ነው። ጂየ የምትለዋን ብቻዋን ስልኩ ላይ ሲከታት ቦሮው ብሎ መለሰለት፣ እሱም ለሁለቱም ቦሮው ብሎ ጻፈ። እንግሊዝኛው ሰጪውን ሌንድ ተቀባዩን ቦሮው ብሎ እንደሚለይ ማንም አላስተማረውም። እኛ ደግሞ ከእንግሊዝኛውም በላይ ለይተነዋል፣ ብር ሲሆን አበደረና ተበደረ፣ እቃ ሲሆን አዋሰና ተዋሰ። ለአማርኛ ተናጋሪ ይሄ ትምህርት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ለነሱ ግን ልምምድ ይፈልጋል፣ ያውም ብዙ።

ከዛ ቀን በኋላ ፎርማኑ ራሱ አስተምሪኝ አለኝ፣ ሁለት ሌሎችም ተጨመሩ፣ አሁን ስድስት ሆነዋል፣ ማክሰኞና ሀሙስ ከምሽቱ አንድ ሰአት ቬንትሌተር ከፍተን ቁጭ እንላለን። አስተማሪ አይደለሁም፣ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ግን የብር ነገር ስለሆነ የትኛው ቃል ሰው እንደሚያጣላ አውቃለሁ።

ከሁሉም ያስቸገረን ቁጥር ነው። ቻይኖች ትልቅ ቁጥር የሚቆጥሩት እንደኛ በሺ አይደለም በአስር ሺ ነው፣ አስር ሺን ዋን ይሉታል። ስለዚ 150,000ን አስራ አምስት ዋን ነው የሚሉት፣ እንግሊዝኛ ሲያወሩ ዋኗን ቶሎ ሳይቀይሯት ይቀሩና አስራ አምስት ሺ ይላሉ። አንዴ የአሸዋና የጠጠር ዋጋ ስንነጋገር አንዱ እንደዛ ብሎ የሲኖትራኩ ባለቤት ተቀልዶብኛል ብሎ ተነስቶ ሊሄድ ነበር፣ ካልኩሌተር ላይ አስጽፌ ነው ያስቀመጥኩት። በእንግሊዝኛ ፊፍቲንና ፊፍቲ በጆሮ መመሳሰላቸው ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት።

እዚ ጋ አያቴ ትዝ አለኝ። የምድር ባቡር ሰራተኛ ነበር፣ እንደብዙ የከዚራ ሰፈር ሽማግሌ ፈረንሳይኛ ይሞክር ነበር፣ ልጅ ሆኜ ፈረንሳዮች ሰማንያን «አራት ሃያ» ነው የሚሉት እያለ ሲነግረኝ አላምነውም ነበር። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማውን ይዞት መጣ ይባላል፣ ከዛ ወዲህ እዚ ሰው የሌላ ሰው ቁጥር እየተማረ ነው የኖረው። መስከረም 25 ቀን 2009 አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ሲመረቅ ደግሞ የሰሩት ቻይኖች ነበሩና ተራው የዋን ሆነ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም መጣ።

እና ዋንን ለኛ ልጆች እንዴት ላስረዳ እያልኩ ሳስብ አንድ ቀን የግድግዳ ካላንደር ላይ የግእዝ ቁጥሮቹን አየሁና ክው አልኩ። ግእዝ እኮ ለሺ የራሱ ምልክት የለውም! አንድ ሺ ሲጻፍ ፲፻ ነው፣ አስር መቶ ማለት ነው። ለአስር ሺ ግን ምልክት አለው፣ ፼፣ እልፍ የምንለው። 150,000 በግእዝ ፲፭፼ ነው፣ አስራ አምስት እልፍ፣ ቁርጥ የቻይኖቹ አስራ አምስት ዋን። ፎርማኑ ጋ ሄጄ ፼ን ጻፍኩለትና ይሄ ዋን ነው ስለው እስክሪብቶውን ተቀብሎኝ ከጎኑ የነሱን ጻፈ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን እያየ ዝም አለ። አሁን ታይም ኪፐሮቻችን በሙሉ ዋን ሲሰሙ እልፍ ብለው ነው የሚገለብጡት፣ ስህተት ቀንሷል። ይሄን የምታህል ነገር ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ሁሉ ያውቃታል፣ ለስራ ትጠቅማለች ብሎ ያሰበ ግን የለም።

የጣትም ነገር አለ። ቀፊራ ገበያ ከአንዱ ጋር ሽንኩርት ልንገዛ ሄደን ሴትየዋ ኪሎ መቶ አለች፣ እሱ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ዘርግቶ አሳያት። እሷ ሁለት ጣት ነው ያየችው፣ ሃያ ብር፣ ተቆጣች በቃ፣ «በሃያ ብር ልጣጩንም አልሸጥልህ» አለችው። እሱ ደግሞ ግራ ገብቶት ያችኑ ሁለት ጣት ደግሞ ደጋግሞ ያሳያታል። ቻይኖች እስከ አስር በአንድ እጅ ነው የሚቆጥሩት፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲዘረጋ ስምንት ነው፣ ሰውዬው ሰማንያ ማለቱ ነበር፣ ደህና ዋጋ ነው የሰጣት! እናቴ ሰማንያ ነው የሚልሽ ስላት ስቃ መዘነችለት።

ስለ ቅናሽም ልንገራችሁ። ቻይና ውስጥ ሱቅ ላይ «8 ጀ» ተብሎ ከተለጠፈ የዋጋውን 80 ፐርሰንት ክፈል ማለት ነው፣ ማለትም ቅናሹ 20 ፐርሰንት ነው። እነሱ የሚጽፉት የምትከፍለውን ነው፣ በእንግሊዝኛ ዲስካውንት ሲባል የሚጻፈው የሚቀነሰው ነው። ስለዚ ተማሪው ኤይቲ ፐርሰንት ዲስካውንት ሲል ሃያ ለማለት ሊሆን ይችላል፣ ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ ይሄ ተራ ነገር አይደለም።

ሶስት ቃላት ደግሞ አንድ ወር ፈጅተውብኛል፣ ስፔንድ፣ ኮስት፣ ፔይ። ቻይኖች ብር ሲያወጡም ጊዜ ሲያጠፉም ሁዋ ይላሉ፣ በነገራችን ላይ አበባ የሚባለውም በዚችው ቃል ነው። ሰውየውም ሁዋ ያደርጋል፣ እቃውም ይሄን ያህል ብር ሁዋ አደረገኝ ይባላል፣ ለዛ ነው «አይ ኮስት 500 ብር» ብለው የሚጽፉት፣ እኔ 500 ብር ፈጀሁ እንደማለት። ያስተማርኩበት መንገድ በኛው «አወጣሁ» እና «ፈጀብኝ» ነው። እኔ ብር አወጣሁ፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ ስፔንድ። ጎማው 9000 ብር ፈጀብኝ፣ ባለቤቱ ጎማው ነው፣ ኮስት። አማርኛ ትንሽ ትንሽ ስለሚያውቁ ይሄ ገባቸው። ግን የኛም ቃል ጉድ አላት፣ ባንክ ሄደንም ብር አወጣሁ ነው የምንለው። አንዴ ለአለቃዬ የባንኩን ማውጣት ስፔንድ ብዬ ጽፌለት ገንዘቡ ካዝና ውስጥ ተቀምጦ የት አጠፋሽው ብሎ ሲጠይቀኝ ውሏል፣ ዊዝድሮው ማለት ነበረብኝ። ሴቭ ላይ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፣ እንግሊዝኛው አንድ ቃል ነው፣ እነሱ ሳያባክኑ መቆየትን ሸንግ፣ ባንክ ማስቀመጥን ጹን ብለው ይለያሉ።

ደስ የሚለኝ የመልስ ነገር ነው። እኛ ሱቅ መልስ እንላለን፣ ለጥያቄ እንደሚሰጠው መልስ። እንግሊዝኛው ቼንጅ ይላል፣ ለውጥ። ቻይንኛው ጃው ይላል፣ ትርጉሙ መፈለግ ነው፣ የጠፋ እቃ እንደሚፈለገው። መጀመሪያ ሰሞን አንዱ ባለሱቁን «ፋይንድ ሚ መኒ» ሲለው ባለሱቁ ብር ጠፍቶበት መስሎት መሬት ለመሬት አብሮት ይፈልግ ነበር፣ ደግ ሰው።

በጀት የሚለውን ራሱንም አስተምሬያቸዋለሁ፣ በቻይንኛ ዩሷን ነው፣ ቀድሞ ማስላት ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ደግሞ ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትንሽ የቆዳ ከረጢት ማለት ነበር። አፎርድ ለማስረዳት አቅሜ አይችለውም አልኳቸው፣ ወዲያው ገባቸው። አንድ ወጣት ቴክኒሺያን ደግሞ ደሞዙ ወር ሳይሞላ የሚያልቅበትን ሰው እነሱ «የጨረቃ ብርሃን» እንደሚሉት ነገረኝ፣ ጨረቃና ወር አንድ ቃል ናቸው፣ ብርሃንና ባዶ መቅረትም አንድ ቃል ናቸው፣ ስለዚ ወሩን ባዶውን የጨረሰ ማለት ይሆናል። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እዚም ስንቱ የጨረቃ ብርሃን እንደሆነ ነገርኩት። እቁብ ምን እንደሆነ ሳስረዳ ደግሞ ከዜጂያንግ የመጣው ሰውዬ እኛም አለን ሁይ ይባላል ብሎ እንዴት እንደሚዞር እኔኑ ያስረዳኝ ጀመር።

ደረሰኝን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። እነሱ ታክስ ቢሮ የሚያውቀውን ፋፒያው ይሉታል፣ ብር ተቀብያለሁ የሚለውን ተራ ወረቀት ሾውጁ ይሉታል፣ አያምታቱትም። እንግሊዝኛ ላይ ሲመጡ ግን ለሁሉም ሪሲት ብቻ ይላሉ። ከዛ ሾፌሩ በእጅ የተጻፈ ካርኒ ይዞ ይመጣል፣ ፋይናንስ የማሽን ደረሰኝ ካልሆነ አልቀበልም ይላል፣ የሚጎዳው ሾፌሩ ነው ከኪሱ ነው የሚከፍለው። ኢንቮይስና ሪሲትን በአንድ ምሽት ለይቶ ማስተማር ይቻላል፣ ሞክሬዋለሁ።

የምለምነው ይሄንን ነው። ከተማችን ውስጥ ለቻይኖች እንግሊዝኛ የምታስተምሩ፣ ለኛም ልጆች ለስራ ብላችሁ የምታስተምሩ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለብር ቃላት ስጧቸው፣ ማበደር መበደር፣ ማውጣት መፍጀት፣ ቀብድ፣ ቅድሚያ፣ መልስ፣ ቅናሽ፣ እና ቁጥር፣ ቁጥር አሁንም ቁጥር። ሰላምታውን ሳይት ላይ ራሳቸው ይለምዱታል። ፕሮጀክት ላይ ያላችሁ ደግሞ ብር የተጻፈበት ነገር ላይ ሁሉ አሀዙን ሙሉውን ከነዜሮው አስጽፉ፣ በቃል የተባለ ዋጋ አትቀበሉ። ዝግጅት ክፍሉም በየሳምንቱ አንድ ጥግ ብትሰጡን በአማርኛ በእንግሊዝኛ በቻይንኛ ጎን ለጎን አምስት አምስት ቃል ማውጣት ይቻላል፣ እኔ ደብተሬ ላይ ወደ 60 ቃላት አሉኝ፣ ሁሉም ሳይት ላይ የገጠሙኝ ናቸው፣ ከፈለጋችሁ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ፣ ክፍያ አልፈልግም።

የናፍጣው ልጅ ብሩን በቀጣዩ ወር አግኝቷል፣ የተቆረጠበትም ያስመጣበትም ተመልሶለታል፣ አስፈርሜዋለሁ። የፎርማኑን ደብተር ደግሞ መሀሉን በማስመሪያ አስምሬ ለሁለት ከፍዬዋለሁ፣ በስተግራ በቀይ ቦሮው፣ በስተቀኝ በሰማያዊ ሌንድ፣ ከስራቸው በአማርኛ «ተበደረ» እና «አበደረ»።

አክባሪያችሁ
የፔቲ ካሽ ሰራተኛ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ