«ግብር ባለመክፈሉ ተዘጋ» ማለት አይበቃም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በካምቦዲያ ዋና ከተማ በፕኖም ፔን ይታተም የነበረው የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ካምቦዲያ ዴይሊ በተነሣ ቁጥር «ግብር ባለመክፈሉ ተዘጋ» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። የግብር ሥራ ለሚያውቅ ሰው ይህ አባባል ዋናውን ነገር ይዘላል። ዕዳ ነበረበት ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ግን ዕዳው እንዴት እንደተሰላና በስንት ቀን ክፈል እንደተባለም መጠየቅ አለበት።

ጋዜጣውን በ1993 ያቋቋመው አሜሪካዊው ጋዜጠኛ በርናርድ ክሪሸር ነው (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በኦገስት 2017 ግብር ሰብሳቢው 6.3 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀው። ገንዘቡ የ10 ዓመት ግብር ከነወለዱና ከነቅጣቱ ሲሆን መክፈያው እስከ ሴፕቴምበር 4 ነበር፤ አንድ ወር ገደማ ማለት ነው።

በደንቡ ቢሆን መጀመሪያ የኦዲት ደብዳቤ ይደርሳል። ኦዲተሮች ገብተው ደረሰኙን፣ ፔሮሉን፣ የባንክ መግለጫውን ያያሉ። ግኝታቸውን በጽሑፍ ሰጥተው ግብር ከፋዩ መልስ ይሰጥበታል። የውሳኔ ማስታወቂያ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም የቅሬታ ጊዜ አለው። እዚህ ግን ፊት የመጣው የመጨረሻው ወረቀት ነው። አሳታሚዎቹ መዝገባችን ይመርመር ቢሉም ሰሚ አላገኙም። መዝገብ ሳይታይ የሚሰላ ግብር ግምት ነው፣ ግምት ደግሞ ወጪን አያውቅም። ለዓመታት ሲከስር የኖረ ድርጅት ገቢው ብቻ ከታየ አትራፊ ይመስላል። በዚያ ላይ የ10 ዓመት ወለድና ቅጣት ሲደረብ ዋናው ግብር ስንት እንደነበር እንኳ ይረሳል።

ሌላም አለ። የግብር ፋይል ምስጢር ነው፤ የዚህ ጋዜጣ ሒሳብ ግን አደባባይ ወጣ። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሁን ሴንም ጋዜጣውን በይፋ ሌባ ብለው፣ ካልከፈለ ጓዙን ጠቅልሎ ይሂድ አሉ። የአገር መሪ እንዲህ ካለ በኋላ የትኛው የግብር ሠራተኛ ነው ቅሬታ ተቀብሎ ሒሳቡን ዝቅ የሚያደርገው?

ይህ ዘዴ ከሳንሱር የሚመረጥበት ምክንያት አለው። ጋዜጠኛ በጻፈው ቢታሰር ክርክሩ ስለ ጽሑፉ ይሆናል። በግብር ከመጣ ግን ለጋዜጣው የሚሟገት ሁሉ «ሕግ አይከበር ነው የምትሉት?» ይባላል፣ ኤምባሲዎችም አፋቸውን ይይዛሉ። በዚያው ሰሞን የራዲዮ ፍሪ ኤዥያንና የአሜሪካ ድምፅን ዝግጅት የሚያስተላልፉ ጣቢያዎች ሲዘጉም የተጠቀሰው ምክንያት የፈቃድና የውል ጉዳይ ነበር።

የመጨረሻው እትም የወጣው ሴፕቴምበር 4 ነው። የተቃዋሚው መሪ ኬም ሶካ የተያዙት በዋዜማው ሌሊት ስለነበር ፊተኛው ገጽ ዜናውን «ወደ ለየለት አምባገነንነት ቁልቁለት» በሚል ርዕስ ይዞ ወጣ። ግብር ቀረ የተባለበት ጋዜጣ በመዘጋቱ መንግሥት ከ6.3 ሚሊዮኑ ምን ያህል እንደሚሰበስብ መገመት አያስቸግርም።

ተፎካካሪው ፕኖም ፔን ፖስትም 3.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ግብር ተጠይቆ ነበር። በሜይ 2018 ለማሌዥያዊው ባለሀብት ሲቫኩማር ጋናፓቲ ተሸጠ። የሰውየው የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ቀደም ሲል ለሁን ሴን መንግሥት መሥራቱን የራሱ የፖስት ዘጋቢዎች ጻፉ፤ ጽሑፉ ይውረድ ተባለ፣ ዋና አዘጋጁ ተባረሩ፣ ጋዜጠኞችም ተከታትለው ለቀቁ። የግብሩ ጥያቄ ግን ከሽያጩ ጋር እልባት አግኝቷል ተባለ።

ከአንድ የግብር ባለሙያ አንባቢ