ከ1933 በኋላ ስላለው ሃሮልድ ላርውድ

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ክሪኬት በአማርኛ የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ በዚያ ጥቂት ውስጥ የእንግሊዛዊው ኳስ ወርዋሪ የሃሮልድ ላርውድ ስም ሲነሣ፣ ወሬው በ1932 እና 1933 የአውስትራሊያ ጉዞ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። እኔ የምጽፈው ስለ ቀረው ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ላርውድ በ1904 በኖቲንግሃምሻየር ተወልዶ በ14 ዓመቱ ወደ ድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ወረደ፤ ሥራውም ጋሪ ከሚጎትቱት አጫጭር ፈረሶች ጋር ነበር። ከጉድጓዱ ያወጣው ክንዱ ነው። በ1924 ለካውንቲው (ለክፍለ ሀገሩ) ቡድን ተሰለፈ፣ በ1929 ኖቲንግሃምሻየር የካውንቲ ሻምፒዮና ሲሆን ከዋነኞቹ ወርዋሪዎች አንዱ ነበር፣ በ1938 ጨዋታ እስኪያቆም ድረስም 1,427 ዊኬት ወሰደ፤ ዊኬት ማለት አንድን መቺ ከጨዋታ ማስወጣት ነው።

በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ያለ ክፍያ የሚጫወቱት «ጌቶች» እና በደመወዝ የሚጫወቱት ልብስ የሚቀይሩት እንኳ በየክፍላቸው ነበር፤ የአገሪቱ ካፒቴንም ከጌቶቹ ወገን ይመረጥ ነበር። የአውስትራሊያውን መቺ ዶን ብራድማን ለመግታት ፈጣን ኳስ ወደ መቺው ሰውነት እንዲነጥር ያዘዘው ዳግላስ ጃርዲን ከእነዚህ አንዱ ነው። ላርውድ ትእዛዙን ፈጽሞ በአምስት ቴስት (አገር ከአገር በሚገጥምባቸው የብዙ ቀን ጨዋታዎች) 33 ዊኬት ወሰደ፤ የሁለቱ አገሮች ግንኙነት ግን ሻከረ። በ1934 ላርውድ የይቅርታ ደብዳቤ እንዲፈርም ሲጠየቅ፣ ካፒቴኔ ያዘዘኝን ነው ያደረግሁት ብሎ እምቢ አለ፤ ከዚያም ለእንግሊዝ አልተሰለፈም። ጃርዲን ግን በ1933 መገባደጃ ቡድኑን እየመራ ወደ ሕንድ ተጉዞ ነበር። ለእውነት ያህል፣ ላርውድ በሲድኒው የመጨረሻ ቴስት የግራ እግሩ አጥንት ተሰብሮ ፍጥነቱ ቀንሶ ነበር፤ ይሁን እንጂ በ1936 ለካውንቲው ሲጫወት 119 ዊኬት በ12.97 አማካይ (ለአንድ ዊኬት የተቆጠረበት ነጥብ ነው፤ ሲያንስ ይሻላል) የወሰደን ሰው «አልቆለታል» ማለት ይከብዳል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ ብላክፑል ከተማ ትንሽ የከረሜላ ሱቅ ከፈተ። በ1950 ደግሞ ባለቤቱንና አምስት ሴት ልጆቹን ይዞ፣ በ1932 ቡድኑን በወሰደችው በዚያችው ኦሮንቴስ በተባለች መርከብ ወደ አውስትራሊያ ተሰደደ። እንዲሄድ የረዳው፣ በዚያ ጉዞ ኳሱን ከፊት ለፊት የተቀበለውና በኋላ ጋዜጠኛ የሆነው የአውስትራሊያው መቺ ጃክ ፊንግልተን ነው፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው። ላርውድ ሲድኒ ውስጥ በለስላሳ መጠጥ ድርጅት ተቀጥሮ ሠርቶ ልጆቹን አሳደገ። የብሪታንያ መንግሥት ኒሻን የሰጠው በ1993 ነው፤ ዕድሜው 88 ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ሲድኒ ዐረፈ።

የላርውድ ስም በገጻችሁ ዳግም ሲነሣ፣ ከአውስትራሊያው ውዝግብ ጎን የከሰል ጉድጓዱ፣ የከረሜላ ሱቁና የሲድኒ ሥራው ቢያንስ በአንድ አንቀጽ እንዲጠቀሱ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ቋሚ አንባቢያችሁ